በአምስት ሰው የተጫወትነው ኳስ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እግሬ ቤት አልቀመጥ ብሏል። ሥራ ላይ ሳለሁ ያመለጠኝን ሁሉ አሁን ካልያዝኩ ብዬ ደብረ ብርሃን ውስጥ ያልገባሁበት ማኅበር የለም። ጠዋት ከእግር ተጓዦች ጋር ነኝ፤ ከሰዓት በገና እማራለሁ፤ ሰሞኑን ደግሞ የጡረተኞች መረብ ኳስ ቡድን ውስጥ ገባሁ። ከሁሉም ጋር እስቃለሁ፣ ከማንም ጋር ግን አልከርምም። ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ ቱታዬን ስለብስ አይታ፣ "ለመሆኑ ይሄን ሁሉ የምትዞረው ማንን ፍለጋ ነው?" አለችኝ። ለቀልድ ነው ያለችው። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ።

ያደግኩት ሞላሌ ነው። ትምህርት ጨርሰን ውጤት የምንጠብቅ ጎረምሶች ሳለን፣ አንድ አስተማሪ ሲዛወር የመረብ ኳሱን ትቶልን ሄደ። መረብ ስላልነበረን ጓሳ ሣር ገምደን ራሳችን ሠራን። ዝናብ በመታው ቁጥር መሃሉ እየረገበ ወገባችን ድረስ ይወርድ ነበር። ቢሆንም የዚያን ክረምት ጭንቀት ያስረሳን ኳሱ ነው።

የልብ ጓደኛዬ ግዛው ዲያቆን ነበር። ቅዳሴ ቆሞ ያረፍድና ጠላ ቤት እንደሚቸኩል ሰው ወደ ሜዳው ይከንፋል። ቁመቱ አጭር ስለሆነ ኳሷን ከፍ አድርጎ ያነሳልኛል፣ እኔ እመታለሁ። ከሳትኩ አለቀልኝ። "ምነው ወንድሜ፣ ኳስ ናት እኮ፣ ዝንብ መሰለችህ?" እያለ ሰው ሁሉ ፊት ያስቅብኛል።

መስከረም ጠብቶ ከዘመሮ ልጆች ጋር ልንጋጠም ቀጠሮ በያዝንበት እሁድ ግዛው ቀረ። ተናድጄ ቤቱ ብሄድ እናቱን ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"ገዳም ገባ፣ ልጄ" አሉኝ። "መርሐቤቴ ቆላ ወርዷል።"

"ለእኔ ሳይነግረኝ?"

"ለእኔስ መቼ ነገረኝ ብለህ!"

ከስድስት ተጫዋች አምስት ቀረን። ጓደኞቻችን ሌላ ሰው እናስገባ ሲሉ፣ ቦታው ባለቤት አለው እያልኩ እምቢ አልኩ። በአምስት ሰው ዘመሮ ተሻግረን ተሸነፍን፤ ሞላሌ ሜዳችን ላይም ተሸነፍን። ለገና ይመጣል እላለሁ፤ ገና ያልፍና ለፋሲካ እላለሁ። እንዲህ እያልኩ ዓመታት ነጎዱ።

አንድ የኅዳር ገበያ ቀን፣ ማሽላ ይዞ ከቆላ የወጣ ነጋዴ ግዛው ቆብ ሊደፋ መሆኑን አወራልን። ረድእ ሆኖ የሚያገለግል ሰው ቆብ እስኪደፋ ድረስ መመለስ ይችላል፤ ይህን አውቅ ነበር። ስለዚህ ሳይደፋ ደርሼ አመጣዋለሁ ብዬ፣ በሶ በስልቻ ይዤ ጎህ ሲቀድ ተነሣሁ። ደጋው ላይ አመዳዩ ከእግሬ ሥር ይንኮሻኮሻል፣ ገብሱ ነጥቷል። ቁልቁለቱን ስጀምር የለበስኩት የሱፍ ባና ሸክም ሆነብኝ። መንገዱን ሁሉ የምለውን ስለማመድ ሄድኩ፤ ስቆጣው፣ ስለምነው፣ መልሼ ስቆጣው።

በማግስቱ ጠዋት ገዳሙ ስደርስ፣ ግዛው የት ነው ብዬ አንዱን ረድእ ብጠይቀው በእጁ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጠቆመኝ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። መሬት ላይ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ አጭር ሰው ተጋድሟል፤ መነኮሳቱ ከብበው ፍትሐት ያደርሳሉ። በየቀብሩ የሰማሁት ጸሎት ነው፤ አይጠፋኝም። "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያልኩ ደረቴን መታሁ፤ ሊያወጡኝ ቢይዙኝ አልያዝ አልኩ። ይሄኔ የተሸፈነው ሰው ጨርቁ ሥር ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሳቁን እያፈነ ነበር። መነኩሴ ለዓለም ሞተ ተብሎ በቁሙ ፍትሐት እንደሚደረግለት የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሥርዓቱ አልቆ ቆቡን ደፍቶ ሲወጣ ዋርካ ሥር አገኘኝ። ዓይኔ አብጧል፤ የተለማመድኩት ንግግር ሁሉ ጠፍቶኛል።

"ግዛው" አልኩት።

"አልቅሰህ ሸኘኸው እኮ፣ ደሞ ትጠራዋለህ?" አለኝ። ፈገግታው ያው ነው። ቀጥሎ "አሁን በስንት ሰው ነው የምትጫወቱት?" ብሎ ጠየቀኝ።

"በአምስት።"

ፊቱ ተለወጠ። "ሞኝ! ሰው አስገቡ እንጂ" አለኝ። ደወል ተደወለና ሄደ። ከመሄዱ በፊት ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዞ አቁሞኝ ነበር፤ የእጁ ነገር እስከ ዛሬ ይሰማኛል። እኔ ግን ሰው አላስገባሁም። ቡድኑ ራሱ ሰለቸውና ተበተነ።

ተመልሼም አልሄድኩም። ሥራው፣ ትዳሩ፣ ልጆቹ፤ ዘንድሮ እወርዳለሁ እያልኩ ዕድሜዬ አለቀ።

ከትናንት ወዲያ አንድ የማላውቀው ሰው ስልክ ደወለ። "አባ ኃይለ ጊዮርጊስ አረፉ" አለኝ።

"ተሳስተዋል መሰለኝ፣ አላውቃቸውም" አልኩት።

"ከገዳም ነው የምደውለው፣ አባቴ። 'ሞላሌ አንድ ጓደኛ ነበረኝ፤ ለቅሶዬን አስቀድሞ ስለጨረሰ ስሞት እንዳታስቸግሩት' ብለውን ነበር። እኔ ግን ሳልነግርዎ መቅረት አላስቻለኝም፤ ቁጥርዎን በሰው በሰው አግኝቼ ነው።"

ሳቄ አመለጠኝ። ሳቁ ለቅሶ ሆኖብኝ ባለቤቴ ከጓዳ ወጥታ ማን ሞተ ብትለኝ፣ "ግዛው" አልኳት። ያን ቀን ዋርካው ሥር አዲሱን የምንኩስና ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ነው የተለየሁት። ስንት ነገር የሚያውቅ ሰው፣ ስለ እኔ ለቅሶ ግን ተሳሳተ።