የማይጮህ ቡችላ

ባለፈው ቅዳሜ እንጅባራ መናኸሪያ አጠገብ አንድ ወጣት የብስኩት ካርቶን ታቅፎ ቡችላ ሲሸጥ አየሁ። ልጄ እጄን ጎተተችኝ። ወጣቱ አንዱን ቡችላ በጆሮው አንጠልጥሎ «አየሽ እህቴ፣ አይጮህም፤ ጀግና ነው» አለኝ። ይህን ፈተና አውቀዋለሁ። ልጅ እያለሁ እኔም ፈትኜበታለሁ።

የምንኖረው ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነበር። አንድ ክረምት ጃርት ድንቻችንን እየማሰ ፈጀው። አባቴ ለዘር እንኳ የሚተርፍ እንደማይኖር ሲያውቅ፣ ቡችላ እንዳመጣ ወደ ጎረቤታችን ወደ አያ ታረቀኝ ላከኝ። በእኛ አገር ፈረስ የሚገዛ ሰው የእናቱንና የአባቱን ዘር ሳይጠይቅ ልጓሙን አይነካም፤ ውሻ ግን ማንም ከየትም የሚያነሳው ነገር ነው። አያ ታረቀኝ ለውሻም እንደ ፈረስ ዘር ስለሚቆጥሩ መንደሩ ይስቅባቸው ነበር። ቡሊት የምትባለውን ውሻቸውን በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ አያስወልዷትም፤ ወንድ በምትፈልግበት ሰሞን በረት ውስጥ ይዘጉባታል።

በረቱ እርጥብ ጭድና የፈረስ ላብ ይሸታል። ላንቃው የጠቆረ ውሻ ኃይለኛ ነው ብለው የትምህርት ቤት ጓደኞቼ እንዳስተማሩኝ፣ የቡሊትን ቡችሎች አፍ እየከፈትኩ አየሁ። ከዚያ ወፍራሙን በጆሮው አንሥቼ አንጠለጠልኩት። በረቱን በጩኸት ሞላው። ሌላውን፣ ነጩን፣ ሳነሣው ግን ዝም አለ። ጀግናዬን አገኘሁ ብዬ ፈነደቅሁ።

አያ ታረቀኝ ቡችላውን ከእጄ ተቀበሉኝና «አንቺን በጆሮሽ ባንጠለጥልሽ ደስ ይልሻል?» አሉኝ። ቀጥለውም «እናቷን አይተህ ልጇን አግባ ሲባል አልሰማሽም? ውሻም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ ቡሊትን ተዋወቂያት። እነዚህ ገና ወራቸው ነው፤ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ከጡት አይለዩም» አሉ።

ጃርቱ ግን ወር አይጠብቅም። እሑድ አያ ታረቀኝ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ነጩን በነጠላዬ ሸፍኜ ወሰድኩት፤ ለአባቴም ሰጡኝ አልኩት። ቡችላው የላም ወተት አልቀምስ አለ። በሦስተኛው ቀን አንገቱን ማንሣት አቃተው፤ እኔም እውነቱን ተናገርኩ። አባቴ አልመታኝም። «ራስሽ መልሺው» ብቻ አለኝ፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

አያ ታረቀኝ ተቀብለውኝ ቡሊት ጉያ ውስጥ አስገቡት። አሸተተችው፣ ላሰችው፣ በአፍንጫዋ ወደ ጡቷ ገፋችው። እሱ ግን መሳብ አልቻለም። ማታውኑ ሞተ። ብዙ አለቀስኩ፤ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

«ዝም ያለው ጀግና ሆኖ አይደለም» አሉኝ አያ ታረቀኝ፤ «ከሁሉም ደካማው እሱ ነበር። መጮኺያ አቅም አልነበረውም።»

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እየተመላለስኩ ለቡሊት ትርፍራፊ ሳበላ ከረምኩ። ሁለት ወር ሲሞላቸው ያንን ጯሂውን ሰጡኝ። ለጃርት የሚያስፈልገው እሱ ነው አሉ። እውነትም ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ጮኸ፤ ድንቻችንም ተረፈ።

አሁን ሰው ቡችላ የሚመርጠው በስልክ ፎቶ ነው። የእናቲቱን ፎቶ የሚጠይቅም የሚልክም አላጋጠመኝም። አያ ታረቀኝ ካረፉ ቆይተዋል፤ በረታቸው የነበረበት ቦታም ለከሰል የሚቆረጥ ዛፍ ተተክሎበታል።

ወጣቱን «እናቱ የት አለች?» አልኩት።

«እናቱ ምን ታደርግልሻለች? የምትገዢው እሱን» አለና ሳቀ። ቡችላው ዓይኑን በቅጡ አልገለጠም። ልጄን ይዤ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

ልጄ አኩርፋ ፊቷን አዞረችብኝ። ትንሽ እንደሄድን ግን አላስቻላትም።

«ጀግና ነው አለ እኮ፣ እማ። ጆሮውን ሲይዘው እንኳ አልጮኸም።»

«አለመጮሁን አይቼ ነው የተውኩት» አልኳት።