ወጣሁ ያለው ሹፌር

በረሃው ፓርክ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት መኪና የነዳ ሰው ነው። ሹፌሮቹ «ኤሊው» ይሉታል፤ እኔ ግን ጋሼ ነው የምለው። ኤሊ ያሰኘው አነዳዱ ነው። አሸዋው ጋ ሲደርስ ይወርዳል፣ መኪናው እንዳይሰምጥ ከአራቱም ጎማ አየር ያስተነፍሳል፣ ተንበርክኮ በአውራ ጣቱ ይጫናል፣ ደግሞ ያስተነፍሳል። ጎብኚዎቹ ሰዓታቸውን እያዩ ይቁነጠነጣሉ። «የቸኮለ ካለ በእግሩ ይቅደመኝ» ይላቸዋል። ቀልድ መሆኑ እስኪገባቸው ድረስ ፊቱን አይፈታም።

እኔ የምሥራቁ በር መዝጋቢ ነኝ። ቢሮዬ ቆርቆሮ ክፍል ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሬዲዮና አንድ መዝገብ አለኝ። መኪና ሲገባ መግቢያው ላይ፣ ሲወጣ መውጫው ላይ ሰዓቱን እጽፋለሁ። በምዕራቡ በር የሚወጣ በሬዲዮ ያስጽፈኛል። ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ መውጫው ባዶ የሆነ መኪና ካለ የፍለጋ መኪና ይነሳል፤ ከሌለ ሁላችንም ወደ ቤታችን። የሞኝ ሥራ ይመስላል አይደል? እኔም ይመስለኝ ነበር።

የዚያን ዕለት ጋሼ አንዲት እናትና ሴት ልጇን ይዞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ገባ። ፍል ውኃውን አይተው፣ የጨው ሜዳውን አቋርጠው፣ በምዕራቡ በር ሊወጡ ነው። እናትየው በዕድሜ የገፋች ሴት ናት። «እንደው ልጄ፣ መንገዱ ጥላ ይኖረዋል?» አለችኝ በመስኮቱ። «ጋሼ እያለልሽ ምን ያሳስብሻል» አልኳት። አፌን ቁርጥ ያድርገው!

ዘጠኝ ተኩል ላይ ከአንድ የሚኒባስ ሹፌር ጋር እየተጨቃጨቅኩ ነበር። ያለ ፈቃድ ካልገባሁ ብሎ በሩ ላይ ተገትሯል። እኔ ደግሞ ስናደድ ዓይኔም አያይ፣ ጆሮዬም አይሰማ። በዚህ መሀል ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። «ወጣሁ» አለ የጋሼ ድምፅ። «እሺ ጋሼ፣ በሰላም ግባ» አልኩና በአንድ እጄ ሚኒባሱን ወደ ኋላ እየመለስኩ፣ በሌላው እጄ መውጫው ላይ ዘጠኝ ተኩል ብዬ ጻፍኩ።

ከየት ነው የወጣኸው ብዬ አልጠየቅኩትም። እኛ ሰዎች ስንባል እኮ ከቤታችን ስንነሳም ወጣሁ እንላለን፤ ጫማችንን እያሰርንም ወጣሁ እንላለን። ጋሼ ከፍል ውኃው ተነሣሁ ማለቱ ነበር። እኔ ከፓርኩ ወጣሁ ያለ መሰለኝ።

ጨው ሜዳው ሳይደርሱ ባሌስትራው ተሰብሮ መኪናው አንድ ጎኑ ላይ ተቀመጠ። ቦታው ጎድጓዳ ስለሆነ ሬዲዮ አይዝም። ልጅቷ በኋላ እንደነገረችኝ ጋሼ እምብዛም አልተጨነቀም። «በሩ ላይ ያለችው ልጅ ነገረኛ ናት፤ መዝገቧ ግን ዝንፍ አይልም። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ መኪና ይነሳልናል» አላቸው። በእግር እንሂድ ሲሉት ከለከላቸው። ውኃው እያለቀ ሲመጣ የራሱን ድርሻ ለእናትየው ሰጠ። «እኔ ጠጥቻለሁ» ይል ነበር አሉ። በዚያ ሰዓት እኔ ቤቴ ገብቼ እግሬን እየታጠብኩ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የጋሼ ባለቤት ደወለች። በምዕራቡ በር ሲወጣ አንዳንዴ እዚያው ስለሚያድር ማታ አላሳሰባትም ነበር።

«የኔ ልጅ፣ ጋሼሽ እስካሁን አልገባም፤ ስልኩም አይሠራ» አለችኝ።

«እትዬ፣ ትናንት ወጥቷል እኮ፣ ጽፌዋለሁ» አልኳት። እያልኳት ከየት እንደወጣ አለመጠየቄ ትዝ አለኝ። ስልኩን ሳልዘጋ ሬዲዮውን አነሳሁና ምዕራብ በርን ጠየቅኩ። አላየነውም አሉኝ።

ያገኟቸው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። እናትና ልጅ ዝለው ነበር እንጂ ደህና ነበሩ። ጋሼን ግን በቃሬዛ አወጡት። ኩላሊቱ ተጎድቷል።

በሳምንቱ የፓርኩ ኃላፊ ነገሩን ለማጣራት ሐኪም ቤት ድረስ ሄደ፤ እኔም መዝገቡን ታቅፌ ተከተልኩት። ጥፋተኛው ከሥራ እንደሚሰናበት ተነግሮናል። እናገራለሁ፣ እናገራለሁ እያልኩ ነው መንገዱን የጨረስኩት።

ኃላፊው አልጋው አጠገብ ወንበር ስቦ «በሬዲዮ ያልከው በትክክል ምን ነበር?» አለው።

ጋሼ ወደ እኔ ዞረ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። መዝገቡን ደረቴ ላይ አጥብቄ እንደያዝኩ ሳያይ አልቀረም።

«በምዕራቡ በር ወጣሁ ነው ያልኳት» አለ ቀስ ብሎ። «ልደርስ ነው ብዬ ቀድሜ አስጻፍኳት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ኃላፊው ጻፈ። ውሸት ነው፣ እንደዚያ አላለም ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ሁለቱ ልጆቼ ትዝ አሉኝ፤ መልሼ ዘጋሁት። የሃያ ስድስት ዓመት ሥራውን አልጋ ላይ እንደተኛ ቀሙት፤ እኔም ቆሜ አየሁ።

ስወጣ ባለቤቱ ኮሪደሩ ላይ እየጠበቀችኝ ነበር። ሁለቱንም እጆቼን ያዘቻቸው። ዓይኗ ከልቅሶ ብዛት አብጧል።

«በእሱ ስህተት አንቺን ጭንቅ ውስጥ ከተተሽ፣ አይደል? ስምሽንም አስነሳው። ሸምግሎ ነው ልጄ፣ እባክሽ ይቅር በይልኝ» አለችኝ።

«ምንም አይደል፣ እትዬ» አልኳት።