መሪ ጨብጠው የማያውቁት አድሚራል

መጀመሪያ እጃቸውን በፎጣ አደረቁ፤ እርጥብ እጅ ካርታ አይነካም። ቀጥለው የከተማውን ካርታ በምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና አራቱን ማዕዘን በአራት ብርጭቆ ረገጡት። እርሳሱን በምላጭ ቀረጹ፣ ጫፉን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ፈተኑት፣ አልተስማማቸውም፣ ደግመው ቀረጹ። ከዚያ ባለ ሁለት እግሩን የነሐስ ኮምፓስ ከቆዳ ማኅደሩ አወጡ፤ እግሮቹን በካርታው መስፈሪያ ላይ ለክተው ከፈቱና ከቤታቸው በር አንስተው እንደ ሽመላ አራመዱት። እስከ መጋጠሚያው፣ ከመጋጠሚያው እስከ ነዳጅ ማደያው፣ ከማደያው እስከ አደባባዩ። በየመታጠፊያው ትንሽ ክብ አደረጉ፤ በክቡ ጎን አቅጣጫውን በዲግሪ ጻፉ። እጆቻቸው አካፋ ያህላሉ፤ አሠራራቸው ግን የሰዓት ሠሪ ነው።

«ወዴት ልትሄድ ነው?» አለች እህቴ፣ ሳህን ይዛ ጠረጴዛው እስኪለቀቅላት ቆማ።

«ዳቦ ልገዛ።»

«ዳቦ ቤቱ እኮ በመስኮት ይታያል!»

«ካርታው ላይ አይታይም። ለዚህ ነው ምልክት የማደርግበት» አሉ ቀና ሳይሉ።

ሰውየው የእህቴ ባል ናቸው። ሪር አድሚራል ነበሩ። ያን ሰሞን መኪና መንዳት እየተማሩ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ተፈትነው ሁለት ጊዜ ወድቀዋል። ሦስተኛውን ከወደቁ ደንቡ አንድ ዓመት ያስጠብቃቸዋል። እንዴት እዚህ እንደ ደረሱ ልንገራችሁ።

በወጣትነታቸው ወታደር መሆን ፈለጉ እንጂ መርከበኛ መሆን አልፈለጉም። አየር ኃይል ሲሄዱ ጉልበታቸው ከአብራሪው መቀመጫ ተረፈ። ታንከኛ ልሁን ቢሉ፣ መግባቱንስ ገቡ፤ ለመውጣት ግን ሁለት ሰው ጎተታቸው። ባሕር ኃይል «መርከብ ሰፊ ነው» ብሎ ተቀበላቸው። ውሸት ነበር። መርከብ ከውጭ ሰፊ ነው፤ በሮቹ የተሠሩት ግን ለድመት ነው። ግንባራቸው ላይ ያለችው ጠባሳ የመጣችው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። በየግብዣው «የትኛው ውጊያ ላይ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። እሳቸውም እውነቱን ይናገራሉ፤ «የወጥ ቤቱ በር ነው» ይላሉ። ሰውም «አቤት ትሕትና!» እያለ ይሄዳል።

ከምክትል መቶ አለቃነት ተነሥተው ማዕረጉን አንድ በአንድ ወጡ። ስማቸው የተነሣው ግን በአንድ ሙያ ነው፦ መርከብ ወደብ ላይ በማስጠጋት። ነፋስ ሲገፋ፣ ማዕበል ሲያንገላታ፣ ሌላው አዛዥ ጎታች ጀልባ ሲለምን፣ እሳቸው ከመርከቡ ጫፍ ቆመው ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይናገሩ ነበር። ሥራቸው መናገር ብቻ ነው። መሪውን የሚያዞር መሪ ያዥ አለ፤ ሞተሩን የሚያዝ መካኒክ ከታች አለ፤ ገመዱን የሚወረውር ወርዋሪ አለ። እሳቸው ከሹክሹክታ ትንሽ ከፍ ባለ ድምፅ «ቀስ... ቀስ... ያዝ» ይላሉ፤ ያ ሁሉ ብረት እንደተኛ ሕፃን ግድግዳው ላይ ጋደም ይላል። ስማቸው «አባ ቀስ» የተባለውም በዚሁ ነው። አንድ ጊዜ መርከበኞቹ ተወራርደው በመርከቡና በወደቡ ግድግዳ መካከል ጥሬ እንቁላል በመረብ አንጠለጠሉ። እንቁላሉ አልተሰበረም። ወጥ ቤቱ ጠብሶ ለቁርስ አቀረበላቸው፤ ጨው አንሶታል ብለው መለሱት።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ ዘመን መሪ በእጃቸው ጨብጠው አያውቁም። የብስ ላይ ሲወርዱም መኪናው ከነሹፌሩ ይጠብቃቸዋል።

ጡረታ ሲወጡ መኪናው ወደ መሥሪያ ቤቱ ተመለሰ፤ ሹፌሩም አብሮ ተመለሰ። በሽኝቱ ግብዣ ላይ ግን፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ እህቴን አስነሥተው ቃል ገብተውላት ነበር፤ «እስከ ዛሬ ወደብ ላይ ቆመሽ ጠበቅሽኝ። ከእንግዲህ የፈለግሽበት ቦታ እኔ እወስድሻለሁ።» ሰው አጨበጨበ። አጨብጫቢው ረስቶታል፤ እህቴ አልረሳችም። ልጃቸው በከተማው ማዶ መንታ ስትወልድ ደግሞ ቃሉ ሥራ ላይ መዋል ነበረበት። በአውቶቡስ እዚያ ለመድረስ ሦስት ጊዜ መሳፈር ነው፤ የእህቴ ጉልበት ደግሞ ደረጃ አይወድም። ስለዚህ ከእኔ ጋራዥ አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና መረጥንላቸው። በሯ የተጨረማመተ ነው፤ ሞተሯ ግን ጤነኛ ነበር። ነበር እላለሁ።

አስተማሪያቸው በሠፈሩ «ፍሬን» የሚባል ድንክዬ ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ አፉ ላይ ሌላ ቃል የለም። እህቴ ከኋላ ተቀምጣ ለመንትዮቹ የብርድ ልብስ ጠርዝ ትዘመዝማለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሥራ ፈትታ መቀመጥ አታውቅም። እኔም የመጀመሪያ ቀን አብሬ ነበርኩ።

መኪናዋ ወደ ግንብ አጥር ስትቃረብ አድሚራሉ እጃቸውን ከመሪው አንሥተው ወደ ኋላ ሊያጣምሩ ሞከሩ፤ ወንበሩ ከለከላቸው።

«ሞተር አቁም» አሉ ረጋ ብለው።

መኪናዋ ቀጠለች።

«ወደ ኋላ ግማሽ!» አሉና፣ የሚታዘዝ ሰው ሲጠፋ፣ ራሳቸው ማርሹን ወደ ኋላ መቱት። መርከብ ፍሬን የላትማ! የምትቆመው ሞተሯን ወደ ኋላ በማዞር ነው። ካምቢዮው ያሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፤ ጥገናውም የእኔ ሆነ።

«ፍሬን! ፍሬን! ጄኔራል፣ መኪናዋ ጆሮ የላትም፤ እግርዎን ያዟት!»

«አድሚራል» አሉ እሳቸው።

«ያው ነው፤ ሁሉም ፍሬን ያስፈልገዋል!»

«እግሬ እኮ በሕይወቱ ሥራ ተሰጥቶት አያውቅም። ከየት ያመጣዋል?»

እህቴ ከኋላ በጥርሷ ክር በጠሰችና «ቀኙን እግርህን ሸሸት አድርገህ ግራውን ስትረግጥ ነው የሚሆነው። ፍሪሲዮኑ እኮ ይነግርሃል» አለች። ፍሬን ዞር ብሎ አያት።

ሦስተኛው ፈተና ደረሰ። ካርታው ተሠርቷል፤ መንገዱ በቃል ተጠንቷል። ፈተናው ሜዳ ላይ በተተከሉት ዘንጎች መካከል ማቆሙን እንደ ምንም ተወጡት። ፈታኙ፣ ፊሽካ በአንገቱ ያንጠለጠለ ቀጭን ሰው፣ «ጥሩ ነው አባባ፤ አደባባዩን ዞረን እንመለስ» አላቸው። እኔና እህቴ የሜዳው በር ላይ ሆነን እናያለን። አደባባዩ አፍ ላይ ቆሙ። መንገድ የሚለቅላቸው ሲጠብቁ፣ ለአንዱም ለሌላውም እጃቸውን እየዘረጉ ሲያሳልፉ፣ ከኋላቸው ያለው ታክሲ ትዕግሥቱ አለቀና ጥሩምባውን ነፋ፦ ጲጵ፣ ጲጵ፣ ጲጵ።

ባሕር ላይ ሦስት አጭር ጥሩምባ ትርጉሙ አንድ ነው፤ «ሞተሬ ወደ ኋላ እየሠራ ነው» ማለት ነው። ይህ ሕግ እንደ ራሳቸው ስም አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል። ታክሲው ወደ ኋላ ከሄደ ቦታ ተገኘ ማለት ነው፤ ቦታ ከተገኘ ደግሞ ትንሽ አፈግፍጎ መስመር ማስተካከል የጥሩ አዛዥ ወግ ነው። የኋላ ማርሽ አስገቡና፣ ቀስ ብለው፣ በክብር፣ የታክሲውን የፊት መብራት ሰበሩ።

ባለ ታክሲው እየዘለለ ወረደ። «ሽማግሌው! አይታይዎትም እንዴ? ጥሩምባ ነፋሁ እኮ!»

«ሰምቻለሁ። ሦስት ጊዜ ነፋህ።»

«አዎ፣ ሦስት ጊዜ!»

«ታዲያ ለምን ወደ ኋላ አልሄድክም?» አሉት፣ ከልባቸው ተናደው።

ባለ ታክሲው አፉን ከፍቶ ፈታኙን አየ። ፈታኙ አንገቱ ላይ ያለችውን ፊሽካ አየ። ሌላ ነገር ማየት አልፈለገም።

ያን ቀን ቤት ስንገባ ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። ካርታውን አጣጠፉና «ቃሌን በላሁ» አሉ። «በሰው ፊት ነው የገባሁት። ሰው ይርሳው፤ እኔ አልረሳውም።»

እህቴ ስፌት መኪናዋን አቆመች። «ምን ነበር ያልከኝ? እነዳለሁ ነው ያልከው?»

«እወስድሻለሁ ነው ያልኩሽ።»

«ያን ሁሉ መርከብ ከአገር አገር ስትወስድ መሪ ይዘህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ የኔ መርከብ ምን ብትሆን ነው አሁን መሪዋን አንተ የምትይዝላት?» አለችና መሳቢያውን ከፍታ ወረቀት አወጣች። ፍሬን ጋ ተመዝግባለች። «ፍሬን ራሱ ነው የለመነኝ፤ ለነርቩ ብሎ።»

በመጀመሪያው ሙከራ አለፈች። አንዱን ዘንግ ነካችው እንጂ አልጣለችውም። ፈታኙ «እግርዎ የት ነው እንዲህ የሠለጠነው?» ቢላት፣ «መጋረጃ ላይ» አለችው። ዕድሜ ልኳን የስፌት መኪና የረገጠ እግር ፔዳል አያስፈራውም። የሚያስፈራት ወደ ኋላ ማቆም ነው፤ መስታወት ውስጥ ያለው ሁሉ ተገልብጦ ይታየኛል ትላለች።

ወደ ልጃቸው ቤት በመጀመሪያ የሄዱ ቀን ከኋላ ወንበር ከብርድ ልብሶቹ ጋር ተጭኜ ነበር። ከሕንፃው ፊት አንዲት ክፍት ቦታ ብቻ አለች፤ ከፊቷ የዳቦ ማመላለሻ፣ ከኋላዋ የአሸዋ መኪና። አድሚራሉ መስኮቱን አወረዱ።

«ቀስ... መሪሽን ወደ ቀኝ... ቀስ...»

እዚህ ላይ የሕንፃው ዘበኛ፣ አንድ ጫኝና አንድ ምንም ሥራ የሌለው ሰው ከየት እንደ መጡ ሳይታወቅ ደረሱ።

«ቁረጪው! ቁረጪው!»

«ኧረ መልሺው!»

«ነይ፣ ነይ፣ ነይ፣ ነይ!»

እህቴ የሁሉንም ሰማች። ጎማው የእግረኛው መንገድ ላይ ወጣ፤ እኔም ብርድ ልብስ ውስጥ ጠፋሁ። አድሚራሉ ከመኪናው ወረዱ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩና ሦስቱን ሰዎች ተራ በተራ አዩዋቸው። ዘበኛው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ጫኙ ኮፍያውን አወለቀ፤ ሥራ የሌለው ሰው ሥራ እንዳለው ትዝ አለውና ሄደ።

ተመልሰው ገቡ። «እንደገና። ወደ ፊት ትንሽ... ያዢ። አሁን ቀስ... ቀኝ... አቅኚው... ቀስ... ያዢ።» መኪናዋ ክፍቱ ቦታ ውስጥ ጋደም አለች። እህቴ መስታወቱን አንድ ጊዜ እንኳ አላየችም።

ልጃቸው ከላይ በመስኮት ብቅ ብላ «አባዬ! ነዳህ እንዴ?» ስትል ጮኸች።

«እናትሽን አመጣኋት» አሉ፣ በሩን ለእህቴ እየከፈቱ።

ይህን እንደምጽፍ ሲሰሙ አንድ መልእክት ለአንባቢ ጨምርልኝ አሉኝ፤ እንዳሉት አስቀምጠዋለሁ። «አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና ቀስ ብላ ወደ ኋላ ስትገባ ካያችሁ፣ ስለ እግዜር ዝም በሉልን። 'ቁረጪው' አትበሉ፣ 'መልሺው' አትበሉ፣ እጃችሁንም ከኪሳችሁ አታውጡ። ለአንዲት መኪና አንድ ድምፅ ይበቃታል። መርዳት የግድ ካማራችሁ ሞተሩ እስኪጠፋ ጠብቁና ከኋላ ያለውን ዕቃ ተሸከሙልን። አራተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰሩ አይሠራም።»