መኪና የማይገባበት መንገድ

ልጄ ባለፈው ሳምንት ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ ሳለሁ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችና አንድ ካርታ አሳየችኝ። ከቂርያት ጋት ተነሥቶ፣ በላኪሽ ኮረብታዎች ዞሮ፣ ወደ አሽቀሎን ባሕር ዳርቻ የሚወርድ የጠጠር መንገድ ነው። ለብስክሌት ነጂዎች ተብሎ በአረንጓዴ መስመር ተሥሏል። "አባ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድም መኪና አይገባበትም። ያላ፣ አብረን እንሂድ" አለችኝ። እኔ ዕድሜዬ ወደ ሃምሳ ተጠግቷል፤ ጉልበቴ ደግሞ ቀድሞኝ አርጅቷል። እንደዚያ ብዬ አሳብቤ አለፍኳት። እውነቱን ለመናገር ግን ያስቀረኝ ጉልበቴ አይደለም። "መኪና አይገባበትም" ማለቷ ነው።

ያንን መንገድ ማንም ካርታ ላይ ሳይሥለው አውቀዋለሁ። በወጣትነቴ እኔና ማሩ በኢንዱስትሪ ቀጠናው ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ፣ በአንድ ፈረቃ እንሠራ ነበር። ሁለታችንም ከጎንደር ወደ እስራኤል በልጅነታችን የመጣን፣ በአንድ ሕንፃ ላይና ታች የምንኖር፣ ትዳር ያልያዝን ጎረምሶች ነበርን። ዓርብ ዕረፍታችን ነው። ማሩ ሁለት ያገለገሉ ብስክሌቶች ገዝቶ፣ ራሱ ፈታትቶና ገጣጥሞ አንዱን ለእኔ ሰጠኝ። በጎዳና ላይ መንዳት አይወድም፤ የጭነት መኪና ከኋላው ሲያጓራ ወርዶ ዳር ይቆማል። ስለዚህ በእርሻ መሐል ወጥተን፣ መግቢያው በብረት በር ወደተዘጋው የደን መንገድ እንገባ ነበር። በሩን ብስክሌት በጎኑ ያልፈዋል፤ መኪና ግን ወዲያ ማዶ ይቀራል። አባቱ አባ ታደሰ በረንዳ ላይ ቆመው፣ "እንግዲህ እነዚህ ናቸው ሚስት የሚያገቡት" እያሉ ይስቁብን ነበር። ማታ ግን ደረጃው ላይ ተቀምጠው መምጫችንን የሚያዩት እሳቸው ናቸው። ማሩ አንድ ወንድ ልጃቸው ነው።

የማወራው ዓርብ በዝናቡ ወራት ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል፤ ጠጠሩ ታጥቦ ነጥቷል፣ ከግራና ከቀኝ ያለው አፈር ይሸታል፣ ቀያይ አበቦች በየድንጋዩ ሥር ብቅ ብቅ ብለዋል። ሽቅብ ስንወጣ ትንፋሻችን ይታየን ነበር። ጫፉ ላይ ስንደርስ በስተምዕራብ ባሕሩ እንደ ቢላዋ ስለት ቀጠን ብሎ ያበራል፤ በስተምሥራቅ የኬብሮን ተራሮች ጉም ለብሰዋል። ቆሎና ብርቱካን ይዘናል። ማሩ ስልኩን ቤት ትቶት ነበር የመጣው፤ አለቃችን ዓርብ ዓርብ ለትርፍ ሰዓት እየደወለ ስላስቸገረው። የኋላ ጎማው ትንሽ ስለተነፈሰበት ተንበርክኮ ይነፋል፣ እኔ ብርቱካን እልጣለሁ። ያኔ ነው ስልኬ የጮኸው።

የአባ ታደሰ ታላቅ ወንድም፣ አያ ፈንታ ናቸው።

"ደህና ዋልክ ልጄ? ማሩ አጠገብህ ነው?"

"አዎ፣ እዚህ ጎማ ይነፋል። ላቅርብልዎ?"

"አይ አይ፣ ተወው። አንተ ራቅ በል።" ራቅ አልኩ። "ወንድሜ ዐረፈ። ጧት ጸሎቱን አድርሶ፣ ተቀምጦ ሳለ ነው። ሌዋያው፣ ቀብሩ፣ ሰንበት ሳትገባ ይሆናል፤ ቀባሪዎቹ አንጠብቅም ብለዋል። ይዘኸው ና። ታዲያ አደራ፣ እንዳትነግረው።"

"አያ ፈንታ፣ እኛ እኮ ተራራ ላይ ነን። ሳልነግረው እንዴት አድርጌ ላስቸኩለው?"

"መርዶ ለእኛ ተውልን። አድማሱን መኪና አስይዤ ከአስፋልቱ እንዲጠብቃችሁ እልካለሁ። አንተ ብቻ አድርስልን።" ስልኩ ተዘጋ።

መርዶ በእኛ ዘንድ እንዴት እንደሚነገር የሚያውቅ ያውቀዋል። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ሰውየው ቤቱ ሳለ፣ የሚይዘው ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ ነው የሚነገረው። በመንገድ የሰማ ሰው ራሱን ሊጎዳ ይችላል። አሁን ሳስበው ደግ ልማድ ነው። ግን የተሠራው ወሬ በእግር ለሚሄድበት አገር ነበር። እዚያ መርዶው ሲደርስ ሟቹ ከተቀበረ ሰንብቷል፤ አንድ ቀን ቢዘገይ የሚቀር ነገር የለም። እዚህ ግን ሟች በዚያው ዕለት ይቀበራል፤ ዓርብ ሲሆን ደግሞ ሰንበት ከኋላ እየገፋች ነው። መቃብሩ አፍ ላይ ቆሞ ቃዲሽ፣ የሙት ጸሎቱን፣ የሚያደርሰው ልጅ፣ ከፊቴ ተንበርክኮ ጎማ ይነፋል። ያፏጫልም።

ከዚያ እስከ አስፋልቱ ደህና ለሚነዳ ሰው አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ምን ልበለው? ሳላስብበት ከአፌ የወጣው፣ "ሆዴን አሞኛል፣ ቶሎ እንመለስ" የሚል ነው።

ማሩ መንፊያውን ጥሎ ተነሣ። ግንባሬን ዳሰሰኝ። ፊቴ በእርግጥ ሳይገረጣ አይቀርም፤ "ኧረ አንተ በርግጥም ታመሃል" አለ። ከዚያም እንደ ደግነቱ አደረገ። ድንጋይ ላይ አስቀመጠኝ። ጃኬቱን አውልቆ ደረበልኝ። ከያዘው ሻይ ቀድቶ፣ "ቀስ እያልክ ጠጣ" አለኝ። እኔ ሻዩን አንድ ጊዜ ብጨልጠው፣ ሆዴ እንዳይቆርጠኝ ብሎ ተቆጣኝ።

"ደህና ነኝ፣ እንሂድ።"

"አትቸኩል። ማን ይጠብቀናል?"

ስንወርድም ከፊት ከፊቴ ሆኖ ፍሬን እየያዘ ነው የሚሄደው። ላልፈው ስሞክር መንገዱን ይዘጋብኛል፤ "በዚህ ሆድህ ብትወድቅብኝ ለእናትህ ምን እላለሁ?" ይላል። ሁለት ጊዜ ቆመን አረፍን። ሁለተኛው ላይ፣ "ማሩ" ብዬ ጠራሁት። ዞረ። አያ ፈንታ አደራ ብለውኛል፤ ደግሞም እዚያ ጠጠር ላይ ብነግረውና ቢወድቅ፣ ብቻዬን እንዴት እይዘዋለሁ? "ውኃ ስጠኝ" አልኩት። ሰጠኝ። ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ ዘንበል ብላ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን እጅ እግሬ ታስሮ አያውቅም፤ እጆቼ መሪ ላይ፣ እግሮቼ ፔዳል ላይ ሆነው ነው ይህን የምለው።

የብረቱን በር አልፈን አድማሱን፣ የማሩን የአጎት ልጅ፣ ከነመኪናው ስናገኘው ማሩ ደስ አለው። እኔ ደውዬ ያስመጣሁት መሰለው። "ተባረክ፣ ይርጋን በቀጥታ ወደ ሐኪም እናድርሰው" አለ። አድማሱ ወርዶ የኋላውን በር ከፈተ። ብስክሌቶቹን ጭነን ሄድን። ማሩ ከኋላ ወንበር ጭንቅላቴን ትከሻው ላይ አስደግፎኝ ነበር። መኪናው የክሊኒኩን መታጠፊያ ሲያልፍ "ኧረ አለፍከው" አለ፤ አድማሱ ሳይቀንስ ነዳ። ትከሻው ከጭንቅላቴ ሥር ሲደርቅ ተሰማኝ።

መቃብሩ በር ላይ ስንደርስ ሰው እየወጣ ነው። ከበሩ አጠገብ ባለው ቧንቧ ተሰልፎ እጁን ይታጠባል። ማሩ ወርዶ ቆመ። ከአንዱ ወደ አንዱ፣ እርጥብ እጃቸውን ያያል። የቀብሩ ሥርዓት ማለቁን የሚነግረው ሌላ አላስፈለገውም፤ የማን እንደሆነ ብቻ ነው የቀረው። አያ ፈንታ መጥተው በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ነጠላቸው ላይ አፈር አለ። ጆሮው ላይ ነገሩት። ጮኸ፣ ወደ መሬት ሄደ፣ ሰዎች ደገፉት። ቃዲሹን አያ ፈንታ አድርሰውለት ነበር። በኋላ፣ አዲሱ አፈር ላይ ተደፍቶ ቆይቶ ሲነሣ፣ ዐይኑ እኔን ፈለገ።

"ሆድህስ?" አለኝ።

"ደህና ነው" አልኩት።

"ቀድሞም ደህና ነበር?"

አዎ ብዬ አንገቴን ነቀነቅኩ። ሌላ አልጠየቀኝም። ሐዘኑን ጨርሶ ሲመለስ እንደ ድሮው አብረን ሠራን፣ አብረን ሣቅን፤ ሠርጌ ላይም ከጎኔ ቆሟል። ስለዚያ ቀን ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህን ለልጄ ነገርኳት። ቆጣ ብላ፣ "ለምን ዝም ብለህ አልነገርከውም?" አለችኝ። በእሷ አፍ ቀላል ነው። በእኔም አፍ ቀላል ይመስለኝ ነበር። ዘንድሮ አንድ ጎረቤታችን ሲያርፉ ልጃቸው ወታደር ቤት ነበር፤ እዚሁ የተወለደ ልጅ ነው። ሽማግሌዎቹ እንድጠራው ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ። የማሩን ነገር እያሰብኩ፣ የመጣው ይምጣ፣ እውነቱን ነው የምነግረው ብዬ ቆርጬ ነው የደወልኩት። ድምፁን ስሰማ፣ "አባትህን ትንሽ አሟቸዋል፣ ፈቃድ ጠይቅና ቶሎ ና" አልኩት።

ከበስተኋላው ጓደኞቹ ሲሣሣቁ ይሰማኛል።

"ጋሼ ይርጋ" አለኝ፣ "ሌዋያው ስንት ሰዓት ነው?"

ሰዓቱን ነገርኩት።