ንቦቹ የማይረሱት ቦታ

አጎቴ ካረፉ ሁለት ወር ሆናቸው። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ንብ ያረቡ ነበር። ቀፎ የሚያዛውሩት አመሻሽ ላይ ብቻ ነበር፤ ያውም አፉ ላይ ቅጠል ሰክተውበት። «ንብ የምታስታውሰው ቦታውን ነው። ቅጠሉን ስታይ ግን ዞር ዞር ብላ አዲሱን ትማራለች» ይሉኝ ነበር።

በደርግ ጊዜ አንድ ረፋድ፣ ለውትድርና ወጣት የሚያፍሱ ታጣቂዎች ሰፈራችን ገቡ ተባለ። እኔን የሚያህል ጀግና ዕቃ ቤት ገብቼ ተደበቅሁ። አጎቴ በሩ አጠገብ የነበረውን ቀፎ ያለ ቅጠል አንስተው ጓሮ ወሰዱት። ከአበባ የተመለሱት ንቦች ቤታቸውን አጥተው በሩ ላይ ይተራመሱ ጀመር።

«እዚህ ውስጥ ማን አለ?» አለ አንዱ ታጣቂ።

«ገብተህ እየው፣ ልጄ» አሉት።

ሁለት እርምጃ ተራመደና ፊቱን ይዞ ሮጠ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። እኔን አንዷ አንገቴን ነድፋኝ እንኳ አልተነፈስሁም።

ይኸን በየሠርጉ ሳወራው ቀፎውን ያነሳሁት እኔ ነበርሁ። አጎቴ አጠገቤ ተቀምጠው አንድ ቀን አላረሙኝም። ባለፈው እሑድም አንድ ሠርግ ላይ ጀመርሁት፤ አጠገቤ ያለውን ወንበር ባዶ ሳየው ግን አፌ እንቢ አለኝ። ያዳኑኝ እሳቸው ናቸው።