በዋስትና የተለወጡት አሞርዛተሮች

መጋቢት ዘጠኝ ቀን፣ ሐሙስ። ይህን የጻፍኩት እኔ፣ በሥራዬ የጭነት መኪና ሾፌር፣ በሰው አፍ «ካላየሁ» የምባለው ነኝ።

የአዲሱ መኪናዬ የፋብሪካ አሞርዛተሮች፣ ማለትም የመንገዱን ንጥረት የሚያበርዱት ዕቃዎች፣ ሥራቸውን ትተው መኪናው ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር እንደ ፌንጣ ይዘል ጀመር። ባለቤቴም፣ «አንጀቴ ጉሮሮዬ ደርሷል፤ ከእንግዲህ አብሬህ አልሄድም!» ብላ ማለች። ያለ እርሷ ደግሞ መንገዱ አይገፋልኝም።

ስለዚህ ወደ ሻጩ ጋራዥ ወሰድኩት። የጋራዡ አለቃ ጎማውን በእግሩ መታ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ መኪናው ምንም አልሆነም። ዋስትናው ለተበላሸ ዕቃ ነው» አለኝ።

«እንግዲያው ልጄ፣ ና ከጎኔ ተቀመጥ» አልኩት።

ከጋራዡ ኋላ ባለው ኮረኮንች ላይ ነዳሁት። አለቃው ጣሪያውን በአናቱ እየመታ፣ «ኧረ በፈጠረዎት! እለውጥልዎታለሁ! ሁሉንም እለውጥልዎታለሁ!» ብሎ ጮኸ። መካኒኮቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ሳቅ የማያውቀው ፊቴም አብሯቸው ሳቀ።

እንዳያታልሉኝ አጠገባቸው ቆሜ፣ እያንዳንዱ አሞርዛተር ከካርቶኑ ወጥቶ እስኪታሰር ተመለከትኩ። ከዚያም ባለቤቴን ለምኜ አሳፍሬ ያንኑ ኮረኮንች ነዳሁት። መኪናው እንደ ጀልባ ተንሳፈፈ! ደስታው አላስችል ብሎኝ ዞሬ ደገምኩት።

«ሰውዬ፣ ሰከርክ እንዴ?» አለችኝ እየሳቀች።

እንደገና ስዞር ግን ዝም አለች። ተቆጥታ ዓይኗን የጨፈነች መስሎኝ ሞተሩን አጥፍቼ ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ በእርግጥም እያንኮራፋች ነበር።