በሰባት ሰዓት የሚታይ ቤት

ቤቴን ለመሸጥ የወሰንኩት ጉልበቴ የደጃፉን ደረጃ እምቢ ሲለኝ ነው። ልጄ በግቢዋ ውስጥ አንዲት ክፍል ልትሠራልኝ ተነስታ ነበር፤ ግን የእኔ ቤት ካልተሸጠ ክፍሏም አትሠራም። ስለዚህ ደላላ ያዝኩ።

ሰውየው ሥራውን ያውቃል፣ ሐሰት አልናገርም። መጀመሪያ የቤቱን ካርታ ተቀብሎ ፊደል በፊደል አነበበ። የውሃና የመብራት ውዝፍ እንደሌለብኝ ራሱ ሄዶ አጣራ። ከዚያ ወደ ቤቱ ዞረ። ግድግዳውን ኖራ አስቀባኝ፣ የተሰበሩትን ወንበሮች አስወጣኝ፣ የግቢዬን የኒም ዛፍ ቅርንጫፍ አስቆረጠኝ። በጓሮ በኩል ያለችውን ጠባብ መተላለፊያ ግን አልወደዳትም። "ይቺ ለዓይን አትሆንም፣ ዕቃ ቤት ናት እንላለን" ብሎ፣ ገዢ በመጣ ቁጥር ባዶ ጀሪካን ያጭቅባትና መጋረጃ ይጋርድባታል። እሱ ሲሄድ እኔ መልሼ አወጣለሁ።

የተጣላነው በሰዓት ነው። ገዢ የሚያመጣው ሁልጊዜ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነበር። በዚያ ሰዓት ነፋሱ ይነሳል፣ በረንዳዬ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ቤቱን ይወዳል። ይወዳሉ እንጂ አይገዙም። ሦስት ወር ሙሉ ሰው ሲመላለስ ከርሞ፣ በመጨረሻ መጋላ ገበያ ሱቅ ያላቸው ሶማሌ ባልና ሚስት መጡ። ሚስትየዋ ገና እንደተቀመጠች "ሆዮ፣ አየሩ እንዴት ደስ ይላል!" አለችኝ። በቋንቋዋ እናቴ ማለቷ ነው።

ደላላው መኝታ ቤት አስገብቶ ኮርኒስ የሌለውን ቆርቆሮ እያሳየ "ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ አየር እንደልብ" አላቸው። ባልየው ደስ ብሎት ስለ ዋጋ ጠየቀ።

ዝም ብል ኖሮ በዚያው ምሽት ባለቀ። ግን ባለሱቅ ቤቱ የሚውለው መቼ ነው? ከተማው ሁሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ፣ ሱቁን ዘግቶ ጋደም የሚለው ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ አሥር ነው። እነዚህ ሰዎች ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት እኔ ባላሳየኋቸው ሰዓት ነው። እናቴ ያለችኝን ሴት እንዴት ላታልል!

"ነገ በሰባት ሰዓት ኑና እንደገና እዩት" አልኳቸው።

ሲሄዱ ደላላው በር ላይ ያዘኝ። "አቦ እማማ፣ ምን አደረግኩሽ? በሰባት ሰዓት እኮ እባብም ከጉድጓዱ አይወጣም!"

"አንተ ራስህ በሰባት ሰዓት የት ነህ?"

"ቤቴ፣ ተኝቼ።"

"እነሱም ይተኛሉ። የት እንደሚተኙ ይዩታ።"

"ካዩ አይገዙም፣ ካልገዙ ክፍልሽ አይሠራም። ሦስት ወር ነው የለፋሁት!"

"ለፍተሃል። ግን ሰው እየጠበስኩ ቤት አልሸጥም።"

በማግስቱ መጡ። ደላላው ቀድሟቸው መጥቶ፣ ኮሶ እንደጠጣ ሰው ተኮሳትሮ ጀሪካኖቹን ደርድሮ ጨርሷል። መኝታ ቤት ገባን። ቆርቆሮው ከሙቀቱ የተነሳ ቀጭ ቀጭ ይላል። ባልየው ላቡን በሽርጡ ጫፍ ጠረገ። ሚስትየዋ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች።

"ወላሂ ሆዮ፣ ይሄ የዳቦ ምድጃ ነው።"

"ነው" አልኩ። ደላላው ዓይኑን ጨፈነ።

"ታዲያ አንቺ ይህን ሁሉ ዓመት ቀን ቀን የት ነው የምትተኚው?"

ከመጡት ሁሉ ይህን የጠየቀኝ የለም። ደላላውም አልጠየቀኝም። እኔም መተላለፊያዋን ለዓይን አትሆንም ካለኝ ወዲህ አፍሬባት ነበር። መጋረጃውን ገለጥኩና "አውጣ" አልኩት ደላላውን። እያጉረመረመ ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ አወጣ። መተላለፊያዋ በሁለት ወፍራም የድንጋይ ግድግዳዎች መካከል ናት፣ ፀሐይ አታያትም። ሁለቱን በሮች ስከፍት ነፋሱ ገባ፣ መጋረጃውንም አነሳው። ሰሌኔን አነጠፍኩ። ሚስትየዋ ጫማዋን አውልቃ "እስቲ ልሞክረው" ብላ ጋደም አለች።

ደላላው ዋጋ ሊጠራ አፉን ሲከፍት ባልየው እጁን አነሳ። ሴትየዋ ተኝታለች።

ስለዚህ በሹክሹክታ ተከራከርን። ባልየው የኮርኒስ ማሠሪያ ይቀነስልኝ አለ። ደላላው በዓይኑ ለመነኝ፣ እኔ ግን ኮርኒስ የሌለውን ቤት እንዳለው አድርጌ አልሸጥም፤ ቀነስኩለት።

"ትንሽ እንኳን ተከራከሪ እንጂ!" አለኝ ደላላው በጆሮዬ።

"ብጮህ ትነቃለች።"

ባልየው ወደ ሚስቱ እያየ ሳቁን ዋጠ። "ምን ክርክር አለ" አለ፣ "እሷ ቤቷ ገብታለች እኮ።"